ልጅ ያቦካው ጭቃ

አባቶች «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው ተረቱ። ተረቱ እውነት ነው፤ የሕፃን እጅ ትንሽ ነውና የሕፃን ሊጥ ቤተ ሰብን አያጠግብም። ዳሩ ግን አንዳንድ ሰው ይህን ተረት ከስፍራው አውጥቶ ይጠቅሰዋል፤ በቤት ውስጥ ሥራ በተነሣ ቍጥር ልጆችን ለማባረር ማመካኛ ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ ልጅን እንደ ሙሉ ሰው ቈጥሮ ከአቅሙ በላይ ያሸክመዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ቤቱን ወይም ጓሮውን በገዛ እጁ የሚያድስ ቤተ ሰብ ልጆቹን አስቀድሞ ከአደጋ ሊጠብቃቸው፣ ቀጥሎም በሥራው ውስጥ እንደ ዕድሜያቸው ስፍራ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህም ነገር በደሴ ከተማ ከኖረ ከአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ይታያል።

የደሴ ከተማ በጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ 2500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ብላ በሜዳው ላይ ትገኛለች፤ ቦርከና ወንዝም ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ደሴ ግን ብርድና ጉም ይበዛባታል። በደሴ ብዙ ቤት በተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ሰው ተዳፋቱን ቈርጦ ለቤቱ ደልዳላ ስፍራ ያበጃል፤ በጓሮው በኩል ከፍ ብሎ የቀረውን አፈር ደግሞ በድንጋይ ካብ ይደግፈዋል። ክረምት በገባ ጊዜ ውኃው ከላይ ይመጣል። ጭቃማ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከካቡ በስተ ኋላ የተጠራቀመው ውኃም መውጫ ካላገኘ ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል። የመሬት መንሸራተት በደሴ የታወቀ መከራ ስለ ሆነ የጓሮ ካብ ለጌጥ የሚሠራ ነገር አይደለም።

በዚህች ከተማ አንድ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸውና ከባልዮው እናት ጋር ይኖሩ ነበር። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ እንደ ብዙ ሰው ሁሉ እነርሱም ቤታቸውን ዘግተው ተሰደዱ። ከተሞቹ በኅዳር ወር ማለቂያ ወደ መንግሥት እጅ ከተመለሱ በኋላ ሲመጡ ቤቱ ቆሞ አገኙት፤ የጓሮው አጥር ግን ተነቅሎ ጠፍቶ ነበር፤ ካቡም ተሰንጥቆ ነበር። በተከታዩ ክረምት ካቡ በከፊል ፈረሰና አፈሩ እስከ ማድ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ወረደ።

አባትዮው ለግንበኛ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ዶማና አካፋ አነሣና ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ፣ ቅዳሜም ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ እጁ ሊሠራ ቈረጠ። አሳቡ ብዙ ነበረ። አጥሩን በባሕር ዛፍ እንጨት ማጠር፣ የጎርፍ ቦይ መቈፈር፣ ካቡን ከቀድሞው ከፍ አድርጎ መካብ፣ የማድ ቤቱን ግድግዳ በጭቃ መምረግ፣ ደግሞም አዲስ የልብስ ማጠቢያ ቤት መሥራት አሰበ። ይህንም ሁሉ ሐምሌ ሳይገባ ሊፈጽመው ፈለገ። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያይቱ ልጅ 9 ዓመት፣ ወንድሟ 6 ዓመት፣ ታናሺቱም 3 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሞ በመልካም አደረገ። ጦርነት ባለፈበት አገር በሜዳና በጓሮ ውስጥ ጥይት ወይም ያልፈነዳ ቦምብ ወድቆ ሊገኝ ይችላልና፣ ከመቈፈሩ በፊት ልጆቹን ሰብስቦ፦ «እንግዳ ብረት ያየ ልጅ አይንካው፣ ድንጋይም አይወርውርበት፤ ባለበት ትቶት ፈጥኖ ለትልቅ ሰው ይንገር፤ ትልቁም ሰው ለፖሊስ ይናገራል» ብሎ አስተማራቸው። ይህ ትምህርት በጎ ነበረ። ዳሩ ግን ከጦርነት የተረፈውን አደጋ ያሰበ ሰው በገዛ እጁ የሚያመጣውን አደጋ ሳያስብ ቀረ።

ሥራው በተጀመረ ጊዜ የቤቱ ኑሮ ተናወጠ። ማድ ቤቱ በአፈርና በድንጋይ ስለ ተዘጋ እናትዮዋ በደጅ ምድጃ አበጅታ ታበስል ነበር። አቧራው በልብሱ፣ በምጣዱና በመሶቡ ላይ ያርፍ ነበር። አባትዮው ድካም ስለ በዛበት ቍጣው ቀረበ። ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ግን ከጭቃና ከድንጋይ የሚወደው ነገር አልነበረም፤ ዘወትር ወደ ሥራው ይሮጥ ነበር። አባቱም፦ «ሂድ ከዚህ! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያለ ያባርረዋል። ታላቂቱን ልጅ ግን ሌላ ረዳት ስላጣ ቦዩን ሲለካ የገመዱን ጫፍ ያስይዛት ነበር።

ቦዩ ተቈፈረ። በጫፉም ውኃው የሚጠራቀምበት፣ ለትልቅ ሰው እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ወጣ። አባትዮው ማታ ሲደክመው አሮጌ ቆርቆሮ በላዩ ጣል አድርጎ ገባ። ጊዜው መጋቢት ነበረና በሌሊት የበልግ ዝናብ ወረደ፤ ነፋሱም ቆርቆሮውን ወሰደው። በነጋ ጊዜ ጉድጓዱ በድፍርስ ውኃ ሞልቶ ከጓሮው ጭቃ ጋር አንድ መስሎ ነበር።

አባትዮው ድንጋይ ለመግዛት ማልዶ ወጥቶ ነበር፤ እናትዮዋ ቡና ትቈላ ነበር። ታናሺቱ ልጅ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ አይታ ተከተለቻት። ወንድሟም እጇን ይዞ ሄደ። ውኃውን ባየ ጊዜ የዝናብ ኩሬ መስሎት ሊረግጠው ቸኰለ። ታላቂቱ ልጅ ከማድ ቤቱ ደጃፍ አይታ፦ «ቁሙ! እሱ ጉድጓዱ ነው!» ብላ ጮኸች። ልጁ የእህቱን እጅ ለቀቀ፤ እግሩ ግን ቀድሞ ነበርና እስከ ብብቱ ሰጠመ። ሕፃኒቱ በአፋፉ ላይ በጭቃው ውስጥ ተቀመጠች። አያታቸውና ታላቅ እህቱ ሮጠው ልጁን በክንዱ ጐትተው አወጡት። በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው አንድ ጫማው ብቻ ነበረ።

አባትዮው ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ደነገጠ፤ ድንጋጤውም ቍጣ ሆነ። ልጁንም፦ «ወደዚያ አትሂድ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርሁህ?» አለው። ልጁም እየተንቀጠቀጠ፦ «አባዬ፣ ጉድጓድ መኖሩን አላወቅሁም» አለ። ያን ጊዜ አሮጊቲቱ እናቱ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ሕፃኑን አትቈጣ። ጉድጓዱን የቈፈርኸው አንተ ነህ፤ መክደኑም ያንተ ነበረ። ደግሞ ተመልከት፤ እርስዋን ገመድ አስያዝሃት፣ ስለዚህ ጉድጓዱ የት እንዳለ አወቀች። እርሱን አባረርኸው፣ ስለዚህ ሳያውቅ ቀረ።» አባትዮውም የሚመልሰውን ቃል አጣ።

የአሮጊቲቱ ቃል ሁለት ቁም ነገር ይዟል። መጀመሪያው ይህ ነው፤ የአደጋው ባለ ዕዳ አደጋውን ያበጀው ትልቅ ሰው እንጂ የወደቀበት ሕፃን አይደለም። ይህም አሳብ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ጉድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በውስጡ ለወደቀው በሬ ወይም አህያ ዋጋ እንዲከፍል ታዝዟል። ለእንስሳ እንዲህ ከሆነ ለልጅማ ምንኛ ይበልጥ! ትንሽ ሕፃን በጥልቅ ባሕር ብቻ አይሰጥምም፤ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጥቂት ውኃ ይበቃዋል። የሚሰጥም ሕፃን ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ፀጥ ብሎ ይሰጥማል። ስለዚህ «ቢወድቅ እሰማዋለሁ» የሚል ወላጅ ራሱን ያታልላል።

ሁለተኛው ቁም ነገር፣ ልጅን ማባረር እርሱን መጠበቅ እንዳልሆነ ነው። የተባረረ ልጅ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመጣም ተደብቆ ይመጣል፤ የት እንደሚረገጥና የት እንደማይረገጥም አያውቅም። ሥራውን ያሳዩት ልጅ ግን ከሥራው ጋር አደጋውንም ይማራል። እንዲህ ሲባል ግን ልጅ ስላወቀ ትልቁ ሰው ጥበቃውን ይተው ማለት አይደለም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የቤቱ ዘበኛ ልትሆን አይገባትምና።

አባትዮው ከድንጋጤው የተነሣ ሦስቱንም ልጆች ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ኮምቦልቻ ወደምትኖረው አክስታቸው ሊሰድድ አሰበ። እናትዮዋ ግን ነገሩን ለይታ ተመለከተችው። ሁለቱ ትልልቆች ትምህርት ቤታቸው ደሴ ነው፤ አንድ ወር ከትምህርት ቢቀሩ የጓሮው ካብ አይክሳቸውም። ታናሺቱ ግን ቃል ገና አጥርታ አትሰማም፤ ስለዚህ ትልልቁ ድንጋይ በሚንከባለልበት በሁለት ሳምንት ጊዜ አክስትዋ ዘንድ ትቈይ ዘንድ ተስማሙ። እናትዮዋም በየቅዳሜው ወርዳ ታያት ነበር። ይህ ፍርድ መልካም ነበረ፤ ሁሉን ልጅ በአንድ መስፈሪያ አልሰፈረምና።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ሥርዓት ተሠራ። ማንኛውም ጉድጓድ ከራት በፊት በወፍራም ሳንቃ ይከደናል፤ ነፋስ እንዳያነሣውም ድንጋይ ይጫንበታል። ልጆች የማያልፉት ወሰን በገመድ ይታጠራል፤ በገመዱም ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ዶማው፣ አካፋው፣ መዶሻውና መጋዙ ማታ ተቈጥረው ይቈለፍባቸዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ሥርዓት ይህ ነበረ፤ ልጆች በጓሮ ሳሉ አንድ ትልቅ ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ እነርሱን ብቻ ይጠብቃል። ድንጋይ የሚክብ ሰው ዓይኑ በድንጋዩ ላይ ነው፤ ሠራተኛና ጠባቂ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም።

ደግሞም ሥራው ጀምበር ሳትጠልቅ እንዲቆም ተወሰነ። የቀድሞው ልማድ እስኪጨልም መሥራት ስለ ነበረ ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚያስጠናቸው ሰው አጥተው ነበር። ካብ የሚካበው ለቤት ነው፤ ቤትም የሚሠራው ለልጆች ነው። ለቤቱ ሲባል ልጆቹ ከተረሱ ሥራው ምክንያቱን አጣ።

በእንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ የማይታይ ጠላት እንዳለም ማወቅ ያሻል። ሚስማር የወጋው እግር መንጋጋ ቈልፍ በሚባለው በሽታ ሊያዝ ይችላል። ብዙ ሰው በሽታው ከዝገት የሚመጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የበሽታው ተሐዋስ በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር ነው፤ ሚስማሩ በር ይከፍትለታል እንጂ እርሱ ራሱ በሽታው አይደለም። ሕፃናት በተወለዱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚወጉት ክትባት ይህን በሽታ ይከላከላል። የተወጋ ልጅ ቢኖር ቍስሉ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባዋል። ያልበረደ ኖራም ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳን ያቃጥላል። ከእነዚህ አንዱ በዓይን ቢገባ ሳይውል ሳያድር በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ስለዚህ ሚስማር፣ ኖራና ሲሚንቶ የልጅ መጫወቻ አይደሉም።

እንግዲህ ለልጅ ምን ሥራ ይቀራል? በዚያ ቤት የቀረው ሥራ እውነተኛ ሥራ ነበረ። ድንጋይ መካብ የሚያውቁ፣ ልጆቹ «ጋሼ» የሚሏቸው አንድ እስላም ጐረቤት መጥተው ለአባትዮው አሳዩት። ካብ ሲካብ ከበስተ ኋላው አፈር ብቻ ቢሞላ ውኃ አቍሮ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከካቡና ከአፈሩ መካከል ጠጠር ይሞላል፤ ከካቡም ግርጌ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዋል። ሽማግሌውም ልጁን ጠርተው፦ «ይህን ጠጠር የሚለቅም ከአንተ የሚሻል የለም፤ የእኔ ወገብ አይታጠፍም» አሉት። ልጁም ባዶ ጣሳ ይዞ በየቀኑ ከወሰኑ ወዲህ ጠጠር ይለቅም ነበር። ማታ ማታም መሣሪያውን የሚቈጥረው እርሱ ሆነ። አንድ ቀን መዶሻው ጐድሎ እርሱ ስለ ተናገረ በሣር ውስጥ ተገኘ።

ማድ ቤቱ በሚመረግበት ጊዜ ደግሞ ጭቃው ተዘጋጀ። አፈሩ ስባሪ ጠርሙስና ሚስማር እንዳይኖርበት አስቀድሞ ተነፋ፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ጥቂት ቀን ቦካ። ከዚያ ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ጋር በባዶ እግራቸው ረገጡት። ጭዱ ጭቃውን ያያይዘዋል፤ መርገጡም ጭዱን ከአፈሩ ጋር ያዋሕደዋል። በዚህ ሥራ የልጅ እግር አይናቅም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ለግድግዳ ግን በቃ።

ይህ ነገር በሌላም አገር ታይቷል። በዴንማርክ አገር ሶረንሰን የሚባል የአትክልት ስፍራ ነዳፊ፣ ልጆች ከተሠራላቸው ያማረ መጫወቻ ይልቅ ቤት በሚሠራበት ስፍራ በወዳደቀው እንጨትና ጡብ መጫወት እንደሚወዱ አስተዋለ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. በኮፐንሃገን በኤምድሩፕ ልጆች በገዛ እጃቸው የሚሠሩበትና የሚያፈርሱበት ስፍራ ተከፈተ። ዳሩ ግን ያ ስፍራ በአጥር ተከልሎ፣ ትልቅ ሰው ተሾሞለት ነበረ እንጂ እንዲሁ የተለቀቀ አልነበረም። በአገራችንም የኮንሶ ሰዎች ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ሲጠብቁ ከ400 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ይህም 21 ትውልድ መሆኑ ነው። በ2011 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ልጅ ከአባቱ ሥር ሆኖ ባያይና ባይማር ኖሮ እንዲህ ያለ ጥበብ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሊሻገር ባልቻለም ነበር።

ይሁን እንጂ ማስተማር ማለት ማሸከም አይደለም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ከልክሏል። አዋጁ ስለ ቅጥር የተነገረ ቢሆንም ወላጅም ሊያስብበት ይገባል፤ የጐረቤት ልጅ በደመወዝ እንዳይሸከመው የተከለከለውን ድንጋይ የገዛ ልጅ በነጻ ሊሸከመው አይገባምና። የልጅ ሥራ ሲሰለቸው ሊተወው የሚችል፣ ከትምህርቱና ከጨዋታው የማይሻማ መሆን አለበት።

ምናልባት አንድ ሰው፦ «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሥራን ያዘገያል፤ ክረምት ግን አይጠብቅም። በደሴ ተዳፋት ላይ የዘገየ ካብ ራሱ ለልጆች አደጋ ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው። የዚያ ቤት አባትም ስለዚህ ነበር የቸኰለው። ዳሩ ግን «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ጊዜ ያጠረው ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ጥበቃውን ይቀንሳል፣ ወይ ሥራውን ይቀንሳል። ብልህ ሰው ሥራውን ይቀንሳል። አባትዮው የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ለከርሞ ተወው። አንድ ረጅም ካብ ሊክብ የነበረውንም ትቶ ሁለት ዝቅ ያሉ እርከኖች አደረገ፤ ዝቅ ያለ ካብ በቶሎ ይፈጸማል፤ ልጅም ወጥቶበት ቢወድቅ ጉዳቱ ያንሳል። ልብስ ማጠቢያ ቤት በማጣቷ እናትዮዋ ያን ክረምት ሁሉ በብርድ በደጅ አጠበች፤ ጥንቃቄ ዋጋ አለውና ይህ ዋጋው ነበረ። ከጉድጓዱ ግን ልጅዋን በደኅና ስላገኘችው አላጕረመረመችም።

በሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ ጐረቤቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንደ ወሎ ልማድ በደቦ መጥተው የቀረውን ድንጋይ አነሡ። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡም በጦሳ ላይ ወረደ። አባትዮው በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በነጋ ጊዜ ልጁን ይዞ ወደ ጓሮው ወጣ። ካቡ ቆሟል፤ ከግርጌው ካሉት ቀዳዳዎች ውኃው እየወጣ በቦዩ ይወርድ ነበር። ልጁም ጎንበስ ብሎ አይቶ፦ «አባዬ፣ በእኔ ጠጠር በኩል ነው የወጣው» አለ። አባቱም፦ «አዎን ልጄ፣ በአንተ ጠጠር በኩል ነው» ብሎ መለሰለት።

ልጆች ሆይ፣ በቤታችሁ ሥራ በተነሣ ጊዜ «ምን ልርዳ? ወዴትስ አልሂድ?» ብላችሁ ሁለቱንም ጠይቁ። ወላጆችም ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ይኑራቸው። ጉድጓድ የቈፈረ እጅ ጉድጓዱን ይክደን፤ ሥራውም ይነስ እንጂ ጥበቃው አይነስ። የፈረሰ ካብ እንደ ገና ይካባል፤ የጠፋ ልጅ ግን ዳግመኛ አይገኝም።